ሟች የሌለበት ድንኳን

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ግቢያችን ውስጥ እንደገና የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። በዚህኛው ጊዜ ግን የሞተ ሰው አልነበረም። ድንኳኑን የተከሉት የቴሌቪዥን ድራማ ሠሪዎች ነበሩ።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው አስፋልት በስተግራ ባለች ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ውስጥ ነው። አያቴ ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳና ከፍ ያለ ኮርኒስ አለው። በዙሪያችን ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ እየፈረሱ ብሎኬትና መስታወት ሲሆኑ የኛ ባለበት ቀረ። ታሪክ ለመጠበቅ ብለን አይደለም፣ ማደሻ ስላልነበረን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ከእናቴ ጋር በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ላይ ወደ ክፈፉ ሲያይ አገኘሁት። የድራማው ዳይሬክተር ነበር።

"ስቱዲዮ ውስጥ እኛ የምንሠራው ቤት አርጅቶ የተሠራ ይመስላል" አለኝ ገና ሰላም እንደተባባልን። "የናንተ ግን ተሠርቶ ነው ያረጀው። ያስታውቃል።"

እናቴ እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆና ጡረታ እስክትወጣ የሠራች፣ ከሰው ጋር ብዙም መነካካት የማትወድ ሴት ናት። እኔ አማርኛ የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ ብዙ ጊዜ የማገኛት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነው። ለዳይሬክተሩ ግን "እሺ" አለችው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ቤቱ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል። ሰው ይግባበት" አለች።

ሰው ገባበት። ቅዳሜና አንዳንድ ቀን በሥራ ቀንም ይመጣሉ። ጄኔሬተር፣ ሽቦ፣ መብራት፣ የሜካፕ ሣጥን። እናቴ መጀመሪያ ጓዳ ትቀመጥ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወጥታ ካሜራው ጀርባ ወንበር ያዘች። የቤቱን እመቤት ሆና የምትጫወተው ተዋናይ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። አንድ ቀን ተዋናይዋ ወጥ እየሠራች ስትቀረጽ ጨው ፈልጋ ሁለት ጣሳ ከፈተች። እናቴ ሳቀች። ከቀረጻው በኋላ ወስዳ ማጀቱን አሳየቻት፤ ዘይቱ የት፣ በርበሬው የት፣ ጨው የት እንደሚቀመጥ።

"በገዛ ቤቷ ጨው የምትፈልግ ሴት የለችም" አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተግባቡ። ተዋናይዋ ቀረጻ የሌለባት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ከእናቴ ጋር ትቀመጣለች። ስለምን እንደሚያወሩ አላውቅም።

ድራማው እየገፋ ሲሄድ ዳይሬክተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ስክሪፕቱን ጠቅልሎ በእጁ ይዞ እናቴ ፊት ተቀመጠ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።"

"ምንድን ነው?"

"እ... ማለቴ፣ በታሪኩ መሠረት የቤቱ አባወራ ይሞታል። ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ይኖርብናል። እርስዎ ደግሞ፣ ያው ሐዘን እንደነበረብዎ እናውቃለን። ካልፈለጉ ሌላ ግቢ እንፈልጋለን፣ በቃ።"

እናቴ "ሰውዬው እዚህ ቤት ኖሮ ሌላ ግቢ ይለቀስለታል እንዴ?" አለችው።

ያን ቀን እራት ስንበላ እንዳልከበዳት ጠየቅኳት። እኔን ከብዶኝ ነበር። የአባቴ ድንኳን የተተከለበትን ቦታ፣ ካስማው የተመታበትን ሣር ሳይቀር አውቀዋለሁ።

"አባትሽ አንድ ጊዜ ሞቷል" አለችኝ። "እነሱ ስላለቀሱ ደግሞ አይሞትም። ይልቅ ዝናብ እንዳይጥልባቸው።"

ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን ሳሎኑን ሊያሰናዱ መጡ። ግድግዳው ላይ የአባቴ ፎቶ ነበር፣ በትልቅ የእንጨት ፍሬም። በእሱ ፋንታ የሟቹ ተዋናይ ፎቶ መሰቀል ነበረበት፤ ይዘውት የመጡት ፍሬም ግን ትንሽ ነበርና ግድግዳው ላይ ሳይደበዝዝ የቀረው ቦታ በዙሪያው ታየ። ካሜራማኑ ይህ አይሆንም አለ። ሲከራከሩ እናቴ ተነሥታ የወረደውን ፍሬማችንን አነሣች፣ ጀርባውን ከፈተች፣ የተዋናዩን ፎቶ በአባቴ ፎቶ ላይ ደርባ መስታወቱን መለሰችበት። ልክ ሆነ። ሰቀለችውና ራቅ ብላ አየችው።

"ደህና ሰው ይመስላል" አለች።

እኔ ያን ምሽት ሳሎን ውስጥ አልተቀመጥኩም። ከላይ የሚታየው ሌላ ሰው ቢሆንም ከጀርባው ያለው አባቴ መሆኑን እያወቅሁ ፍሬሙን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድንኳኑ ተተከለ። ለቀበሌውም ለእድሩ ሰብሳቢም ተነግሯል። ሰብሳቢው "ብቻ ጡሩምባ እንዳታስነፉ፣ ሰፈሩን እንዳትጠሩብን" ብለው ስቀው ነበር የሄዱት። ለእያንዳንዱ ጎረቤት ግን የነገረ የለም።

መጀመሪያ የተቀረጸው ሳሎኑ ውስጥ ያለው ክፍል ነው። ሚስትየዋ የባሏን ሞት የምትሰማበት። ሦስት ሰዎች ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይናገራል። ተዋናይዋ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። አለቃቀሷ ያሳምን ነበር፤ መብራት የያዘው ልጅ እንኳ አንገቱን ደፋ። ሲያበቃ ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት ወደ እናቴ ዞረ።

"እማማ፣ እንዴት አዩት?"

"ጥሩ ነው። አምሯል።"

"ግን?" አለ፤ ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምቶ መሆን አለበት።

"ግንማ ምን አለ። እኔ አላለቀስኩም ለማለት ነው።"

"ምን አደረጉ ታዲያ?"

"የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ፈለግሁ" አለች። "ጋቢዎቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሰው ሊመጣ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያስፈልጋል ብዬ። ቁልፉ ሲነግሩኝም በእጄ ነበር። በእጄ ይዤው ቤቱን ሁሉ ዞርኩ። ትራስ ሥር፣ መሶቡ ውስጥ ሳይቀር አየሁ። ያለቀስኩት በኋላ ነው፣ ሰው ሲመጣ።"

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። አባቴ ሲሞት እኔ ሆስፒታል አጠገቡ ነበርኩ፤ እሷ ቤት ናት። ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ነበር። በመካከል ስለነበረው ጊዜ ጠይቄያትም አላውቅ። አሁን ዘመድ ላልሆኑ ሰዎች፣ በመብራትና በሽቦ መካከል ቆማ፣ የአስቤዛ ዋጋ እንደምትነግር አድርጋ ነገረቻቸው።

ተዋናይዋ ከወለሉ ሳትነሳ ሰምታ ነበር። "እንደገና እንሥራው" አለች። ከዚያ እናቴን "ቁልፉን እንዴት ነበር የያዝሽው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እንዴት እንደያዝኩት ካወቅሁ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ?" አለቻት እናቴ።

እንደገና ተቀረጸ። ሰዎቹ ገቡ፣ ተናገሩ። ተዋናይዋ ተነሣች፤ "እሺ" አለችና ትራሱን አነሣች። መሶቡን ከፈተች። ምንጣፉን ገለጠች። ከሰዎቹ አንዱ "ምንድን ነው የምትፈልጊው?" ሲላት "ቁልፉን" አለች፣ በእጇ እያለ። እኔ መጨረሻውን አላየሁም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ያላየሁት የእናቴ ሰዓት ነበር፤ አየሁት። ያሳየችኝ ግን እናቴ አይደለችም። በዚያ ሰዓት ለማን ማዘን እንዳለብኝ እንኳ አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ድንኳኑ ተዛወሩ። ለቀስተኛ ሆነው እንዲቀመጡ የመጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፣ ማልቀስ ግን አልመጣላቸውም። ዳይሬክተሩ "የሞተባችሁን ሰው አስቡ" ይላቸዋል፤ እነሱ አንገት ይደፋሉ፤ ካሜራው ሲዞር አንዷ ስልኳን ታያለች። ሁለት ጊዜ ተቀርጾ ሁለት ጊዜ ተጣለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ከበሩ በኩል ጩኸት ተሰማ።

የታች ግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴን የሚያህሉ፣ አብረዋት ያረጁ ሴት ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ የድንኳኑን ጫፍ በአጥራችን ላይ አይተዋል። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ። ዘንቢላቸውን ደጅ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "እኔን ይድፋኝ፣ ሳልሰናበትሽ" እያሉ በካሜራው ፊት አልፈው ድንኳኑ መሃል ቆሙ። እናቴን በስሟ ጠሯት። ደግነቷን ዘረዘሩ፤ ሲታመሙ ያስታመመቻቸውን፣ ልጃቸውን ሲድሩ የቆመችላቸውን። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ወደ እሳቸው መሄድ ጀመርኩ።

እናቴ ለሠራተኞቹ የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ተያዩ።

"አለሁ እኮ" አለች እናቴ። "አለሁ። ድራማ ነው።"

"ድራማ?"

"ድራማ። ባልየው ሞቶ ነው።"

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ትንሽ ሳቅ አሉ፣ ነጠላቸውንም ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ፣ አሁን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴን አልነበረም የሚጠሩት።

መንገዱ ተዘግቶ ከደጅሽ ሳልደርስ፣
በሰው ድንኳን ገባሁ እህቴን ላለቅስ።

እህታቸው ባደጉበት ገጠር ሞታ ነበር። መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክ በሚመጣበትና በሚሄድበት ጊዜ ነው የሞተችው። ወሬው ከሰው ሰው ሲቀባበል ቆይቶ ደረሳቸው። ቀብሯን ያየ ሰው እስኪገኝ ብለው ጠበቁ። ያየ ሰው ሲገኝ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር፤ አሁን ሰው ማስቸገር ምን ያደርጋል ብለው ለማንም ሳይነግሩ ብቻቸውን ያዙት። እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት እጃቸውን ያዘችና አለቀሰች። ቀጥላ ሌላዋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድንኳኑ ሙሉ ለቅሶ ሆነ። ዳይሬክተሩ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀርቶ ነበር፤ አላወረደውም፣ አቁሙም አላለም። ረስቶ ይሁን አስቦበት እስካሁን አላውቅም። እናቴ ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ድራማው ውስጥ የሌለች ሴት፣ ነጠላዋን ሳታዘቅዝቅ።

ለቅሶው ሲበርድ ዳይሬክተሩ እናቴን ጠራት። የተቀረጸውን ሊጠቀምበት ይፈልጋል፣ ግን አፍሯል።

"የሷ ነው" አለችው። "እሷን ጠይቅ።"

ሄዶ ቁጢጥ ብሎ ጠየቃቸው። በቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ፣ ካልፈለጉ እንደሚያጠፋው ነገራቸው።

"ፊቴ ይታያል?" አሉት።

"ይታያል እማማ።"

"እህቴ ለቅሶ አልተቀመጠላትም" አሉ። "እንግዲያው አገር ይይላት። ተወው፣ ይሁን።"

በክፍል ውስጥ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ኪነ ጥበብ የሕይወት ነጸብራቅ ነው የሚል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ገልብጬዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይገለብጡታል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስጽፈው መጠራጠር ጀመርኩ። ነጸብራቅ ከሆነ ሕይወቱ ይቀድማል፣ መስታወቱ ይከተላል። ግቢያችን ውስጥ የሆነው ግን እንዲያ አልነበረም። ድንኳኑ ቀደመ፣ ለቅሶው ተከተለ።

ደግሞ ሳስበው፣ እውነተኛው ለቅሶስ ቢሆን? በአባቴ ድንኳን ውስጥ እንዴት እንደማለቅስ አውቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ያደግሁት ነው፤ ነጠላ እንዴት እንደሚዘቀዘቅ፣ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ድምፅ እንዴት ከፍ እንደሚል፣ መቼ ዝም እንደሚባል። ሙሾ ቤት ይመታል፣ ዜማ አለው። ሐዘኔ ውሸት አልነበረም፤ መልኩ ግን ከእኔ በፊት የነበረ፣ ሰዎች ያበጁት ነው። ያ መልክ ባይኖር ኖሮ ሐዘኔን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። የታች ግቢ ጎረቤታችን ለወራት ያጡት ሐዘኑን አይመስለኝም፤ ድንኳኑን ነው። ድራማ ሠሪዎቹ ሳያውቁ ተከሉላቸው። መልክ ያልነበረው የእናቴ ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፍ በእጅ ይዞ ቁልፍ የመፈለግ ወግ የለም።

ክፍሉ የተላለፈ ዕለት የታች ግቢ ጎረቤታችን እኛ ጋ መጥተው ሳሎኑ ውስጥ አብረን አየነው፤ ያው በተቀረጸበት ሳሎን። ቁልፉ ያለበት ቦታ ሲደርስ እናቴ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ድንኳኑ ሲመጣ እሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ፊት አዩ።

"ይቺ ሴትዮ አሳዘነችኝ" አሉ።

እናቴ "ማን፣ አንቺ?" አለቻቸው።

"አዎ፣ እሷ።"

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው ስለዚህ ነበር። ቤቱ የኔ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድ የሒሳብ መምህር ሚስትየዋን አልወደዳትም።

"ባሏ ሞቶ ቁልፍ ትፈልጋለች፣ እሱም በእጇ እያለ። የጻፈው ሰው ሐዘን አይቶ አያውቅም ማለት ነው" አለ።

የስፖርት መምህሯ ደግሞ አሮጊቷ አበዙት አለች። "ጥሩ ናቸው፣ ግን ትወናው በዛ። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አሁን የለም።" ሁለቱም የተስማሙት የሟች ወንድም ሆኖ ከሩቅ አገር የመጣው ተዋናይ በር ላይ የወደቀበት ጋ ነው። እሱ ያስለቅሳል፣ እውነት ነው ተባለ። ያንን ከስክሪፕቱ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ከላይ እስከ ታች የተፈጠረ ነው።

እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ቀጠልኩ። ቁልፉ እውነት ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ ነገር ግን የሚያምኑት እኔን እንጂ ድራማውን አይሆንም። ይህን ለዳይሬክተሩ ስነግረው አልተገረመም።

"ሰው የሚያምነው የለመደውን ነው" አለኝ። "ያልለመደውን ሲያይ ስህተት ነው ይላል። እኔ ግን አላወጣሁትም። ቁልፍ በእጇ ይዛ ቁልፍ የፈለገች አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ታይ ይሆናል።"

ሰፈር ውስጥ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። ሰዎች የታች ግቢ ጎረቤታችንን መንገድ ላይ እያስቆሙ "ተዋናይ ሆኑ እንዴ?" ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም እየሳቁ ሲመልሱ ቆይተው፣ አንድ ቀን ለአንዷ የእድር ሴት እውነቱን ነገሯት። ለእህቴ ነው ያለቀስኩት፣ ለቅሶ አልተቀመጥኩላትም አሏት። ሴትዮዋ ሰምታ አልዋለችም አላደረችም፤ ለሌሎቹ ነገረች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ በአንድነት ወደ ታች ግቢ ሄዱ።

እኔና እናቴም ሄድን። እናቴ ንፍሮ ቀቅላ ነበር። ድንኳን አልነበረም፤ ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ግማሻችን ደጅ፣ ድንጋይና ዱካ ላይ ተቀመጥን። ካሜራ የሚመስል ነገር ሁሉ ርቆ፣ ስልክ እንኳ ያወጣ ሰው አላየሁም። እሳቸው ሰው ሲገባ ትንሽ ያለቅሳሉ፣ ሲቀመጥ ዝም ይላሉ። ድራማው ውስጥ ካለቀሱት ያነሰ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ መጥተው ነፍስ ይማር አሉ፣ እግዜር ያጥናሽ አሉ፣ ስለ ድንኳኑ ቀልድ ግን አላነሡም።

ወደ ከሰዓት በኋላ ወሬው ስለ ሟቿ ሆነ። ማንኛችንም አላየናትም። ከብት ትወድ ነበር አሉ ጎረቤታችን፤ ፊደል የቆጠረችው ካደገች በኋላ ነው፤ ሰው ሲናገር አቋርጣ የመሳቅ አመል ነበረባት። እናቴ ፎቶ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። የላቸውም።

"መልኳ ምን ይመስላል?" አለች አንዲት ወጣት ሴት ከደጅ ሆና።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መለስ አድርገው ሁላችንም እስክናያቸው ቆዩ።

"እኔን ነው የምትመስለው" አሉ። "ረዘም ትላለች እንጂ።"